ስለ ሴቶች የዳሌ ውስጥ ጤና የተሳሳቱ አስተሳሰቦችና በስያሜዎች ውስጥ የተዉት ቅሪት

አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ በምርምር ከተሻረ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚሸሸገው በቃላት ውስጥ ነው። ሐኪሙ ሐሳቡን ይተወዋል፤ ስሙን ግን ከልማድ የተነሣ ይዞት ይቀጥላል። ተርጓሚው ደግሞ ስሙን ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመልስ፣ ሐኪሙ የተወውን ሐሳብ ሳያውቀው አብሮ ያስገባዋል። ይህ ሁኔታ በየሙያው የሚያጋጥም ቢሆንም የሴቶችን የዳሌ ውስጥ አካላትና በሽታዎቻቸውን በሚመለከቱት ስያሜዎች ላይ እንደሚታየው ጐልቶ የሚታይበት ሌላ ዘርፍ መኖሩን እንጠራጠራለን። ስለነዚህ አካላት ለብዙ ምዕተ ዓመታት የጻፉት ከጥቂቶች በቀር ወንዶች ነበሩ፤ የጻፉትም በአብዛኛው አካሉን ከፍተው ሳያዩ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የአንዳንዶቹን ስያሜዎች ታሪክ እንመረምራለን፤ ወደ አማርኛ ሲመለሱ የሚያስከትሉትንም ችግር ለማሳየት እንሞክራለን።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው የ«ሂስቴሪያ» ነገር ነው። የቃሉ መነሻ በግሪክኛ ማሕፀን ማለት የሆነው «ሁስቴራ» ነው። በሂፖክራተስ ስም የሚጠሩትና ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛውና በ4ኛው ምዕተ ዓመት የተጻፉት የሕክምና መጻሕፍት፣ ማሕፀን እርጥበት ሲያጣና ሲቀል ከቦታው ተነሥቶ ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ ጉበትን እንደሚጠጋና ትንፋሽ እንደሚያፍን ያትታሉ። ፕላቶም «ቲማዮስ» በተባለው ድርሰቱ ማሕፀንን ልጅ ለመውለድ እንደሚመኝ፣ ምኞቱም ሳይፈጸም ሲቀር በሰውነት ውስጥ እንደሚንከራተት እንስሳ አድርጎ ገልጾታል። ሕክምናው ከእምነቱ የተቀዳ ነበር፤ ክፉ ሽታ ያለው ነገር ለታማሚዋ አፍንጫ ይቀርባል፤ መልካም መዓዛ ያለው ደግሞ ከበታቿ ይታጠናል፤ ማሕፀኑም ክፉውን ሽሽት፣ መልካሙን ፍለጋ ወደ ስፍራው ይመለሳል ተብሎ ይታመን ነበር።

ይህን የተቃወመ ሰው አልጠፋም። በ2ኛው ምዕተ ዓመት በሮም ይሠራ የነበረው የኤፌሶኑ ሶራኖስ ማሕፀን በጅማቶችና በስስ ሽፋኖች ተይዞ የሚኖር አካል እንጂ ሽታ እየተከተለ የሚዘዋወር ፍጡር አለመሆኑን በግልጽ አስረድቷል፤ የሽታውንም ሕክምና ነቅፏል። እንግዲህ ስሕተቱ በጽሑፍ ከታረመ ከ1800 ዓመት በላይ አልፎታል ማለት ነው። ሆኖም እርማቱ ስሕተቱን ያህል አንባቢ አላገኘም።

ለቃላት ሠራተኞች ይበልጥ የሚያስገርመው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። የሂፖክራተስን መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1861 ባሉት ዓመታት ወደ ፈረንሳይኛ የመለሰው ኤሚል ሊትሬ ነው፤ ይኸው ሊትሬ ታላቁን የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀ ሰው ነው። ሊትሬ ስለ ሴቶች በሽታ በሚናገሩት ክፍሎች ላይ ከራሱ የጨመራቸው ርእሶች ነበሩ፤ ከነዚህም በአንዳንዶቹ «ሂስቴሪ» የሚለውን በዘመኑ የታወቀ የበሽታ ስም አኖረ። በግሪክኛው ግን የሚገኘው «የማሕፀን» ወይም «ከማሕፀን የመጣ» የሚል ቅጽል እንጂ ሂስቴሪያ የሚባል የአንድ በሽታ ስም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የተነሡ ጸሐፊዎች የትርጉሙን ርእስ የደራሲው ቃል አድርገው ስለ ወሰዱት፣ ሂስቴሪያ ከሂፖክራተስ ዘመን ጀምሮ በአንድ ስም የታወቀ በሽታ ነው የሚለው ታሪክ ተስፋፋ። የጥንት ሕክምና ታሪክ ተመራማሪዋ ሔለን ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1993 ነገሩን ዘርዝራ እስካሳየችበት ጊዜ ድረስ ብዙዎች ይህንኑ ሲደግሙት ቆይተዋል። አንድ የተርጓሚ ርእስ የሁለት ሺህ ዓመት ዕድሜ ያለው በሽታ ሊፈጥር እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም።

በ17ኛው ምዕተ ዓመት እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ የሕመሙ ምንጭ ማሕፀን ሳይሆን አንጐል ነው አለ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ደግሞ በፓሪስ በሳልፔትሪየር ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሻርኮ በወንዶችም ላይ ሂስቴሪያን መዘገበ፤ ማሕፀን የሌለው ሰው በማሕፀን ስም የሚጠራ በሽታ ያዘው ማለት ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው የበሽታዎች መዘርዝር ሂስቴሪያ ራሱን የቻለ የበሽታ ስም መሆኑ ቀረ። ስለዚህ ተርጓሚ በቀድሞ ጽሑፍ ውስጥ ቃሉን ሲያገኝ «ሂስቴሪያ» ብሎ መተዉና የዘመኑን አስተሳሰብ በአጭሩ ማስረዳቱ ይሻላል። «የማሕፀን በሽታ» ቢለው የተሻረውን ሐሳብ ያድሳል፤ «ዛር» ቢለው ደግሞ የሌላ ሀገር ታሪክ በኛ ልብስ ይሸፍናል።

የኛው ቃል በአንጻሩ የተለየ አመጣጥ አለው። «ማሕፀን» የወጣው ማሳደግን፣ ማቀፍንና መንከባከብን ከሚያመለክተው «ሐፀነ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ ነው። «ሕፃን»ም፣ አሳዳጊና ሞግዚት ማለት የሆነው «ሐፃኒ»ም የዚሁ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው፤ ዐረብኛም በተመሳሳይ ሥር ማቀፍን ይገልጻል። ዐረብኛና ዕብራይስጥ ማሕፀንን ምሕረትን ከሚያመለክተው ከ«ረሐመ» ሥር ሲያወጡት ግዕዝ ከማቀፍ አወጣው። ይህ ማለት ግን ተናጋሪው ሕዝብ ከስሕተት ነጻ ነበር ማለት አይደለም። የቃሉ ሥር መልካም መሆን የተጠቃሚውን እውቀት አያረጋግጥም።

ከማሕፀን ወደ አጠገቡ ስንሻገር የጋሌኖስ ትምህርት ይገጥመናል። በ2ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ይህ ሊቅ፣ የሴት የመራቢያ አካል የወንዱ አካል ወደ ውስጥ የተገለበጠ ነው ብሎ አስተማረ። የተገለበጠ ነገር ደግሞ የራሱ ስም አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ዕንቁላል የሚያፈልቀው ዕጢ እስከ 17ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ «የሴት ቆለጥ» እየተባለ ሲጠራ ኖረ። ሆላንዳዊው ሬኒየር ደ ግራፍ ስለ ሴት የመራቢያ አካላት ዝርዝር መጽሐፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1672 ነው፤ የአጥቢ እንስሳትን ዕንቁላል በዓይኑ አይቶ ያረጋገጠው ካርል ኤርንስት ፎን ቤር ግን እ.ኤ.አ. በ1827 ነበር።

ስለ ቱቦው የሚነገረው ደግሞ የቃላት ተመራማሪን ፈገግ የሚያሰኝ ነው። ጣሊያናዊው ጋብሪኤሌ ፋሎፒዮ እ.ኤ.አ. በ1561 ባሳተመው መጽሐፍ ከማሕፀን ግራና ቀኝ የሚወጡትን ሁለት አካላት «ቱባ» ብሎ ሰየማቸው። ቱባ በላቲን መለከት ነው፤ ጫፉ ሰፍቶ የሚከፈት በመሆኑ ስሙ ከቅርጹ ጋር ይስማማል። በኋላ የመጡት ቋንቋዎች ግን «ቱባ»ን በድምፅ ከሚቀርበው፣ ቧንቧ ማለት ከሆነው «ቱቡስ» ጋር አዛመዱት፤ መለከቱም ቧንቧ ሆነ። አማርኛም «የማሕፀን ቱቦ» ሲል ይህንኑ ቧንቧ ወረሰ። የጠፋው የቅርጹ ምሳሌ ብቻ ቢሆን ባላነሣነው ነበር። ቱቦ በአማርኛ ውሃ የሚተላለፍበት ግዑዝ ነገር ስለሆነ አንባቢው አካሉ የሚዘጋና የሚከፈት ብቻ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን እንደ ጡንቻ የሚኮማተር፣ በውስጡም ዕንቁላሉን የሚያንቀሳቅሱ ረቂቅ ፀጉር መሰል ነገሮች ያሉበት፣ ፅንስም የሚጀመርበት ሕያው አካል ነው። ቱቦ የሚለው ቃል ዛሬ ሥር ስለ ሰደደ ይለወጥ አንልም፤ ነገር ግን በመዝገበ ቃላት ፍቺው ውስጥ ይህ መግለጫ ሊጐድል አይገባም።

በላቲን «ቫጂና» የሰይፍ አፎት ነው። ሬያልዶ ኮሎምቦ እ.ኤ.አ. በ1559 በወጣው መጽሐፉ አካሉን ከአፎት ጋር አመሳስሎታል፤ ስሙ ከዚያ ወዲህ ጸንቷል። አካሉ በራሱ ሥራ ሳይሆን ወደርሱ በሚገባው ተሰየመ ማለት ነው። ውጫዊውን ክፍል የሚያመለክተው «ፑዴንዱም» ደግሞ ሊታፈርበት የሚገባ ማለት ሲሆን የኛው «ኀፍረተ ሥጋ» ትክክለኛ ባልንጀራው ነው። የአካል ጥናት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1895 በባዝል ተሰብስበው 50000 ያህል የነበሩትን ስሞች ወደ 5000 ገደማ ሲያወርዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 በፓሪስ የሰዎችን ስም የያዙትን ስያሜዎች ሲያስወጡም «ፑዴንዱም» አልተነካም። ከዓለም አቀፉ የአካል ስያሜ ዝርዝር የሴቷ «ፑዴንዱም» የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 በተዘጋጀው እትም ነው። በዚያ አካባቢ የሚያልፈው ነርቭ ግን እስከ ዛሬ «የሚታፈርበት ነርቭ» ተብሎ ቀርቷል፤ ነርቭ እንዴት ሊታፈርበት እንደሚችል ሰያሚዎቹ ብቻ ያውቃሉ።

በአማርኛ የሕክምና ጽሑፎች የተለመደው «የሴት ብልት» ነው። ብልት መሠረታዊ ትርጉሙ የአካል ክፍል ስለሆነ (የዶሮን 12 ብልት ያስታውሷል) ነውር የለበትም፤ ይህም መልካም ነው። ጉድለቱ ግን ውጫዊውን ክፍልና ወደ ማሕፀን በር የሚወስደውን ውስጣዊ መተላለፊያ ሳይለይ በአንድነት መጥራቱ ነው። «ብልትን በውሃና በሳሙና መታጠብ» የሚል ምክር ያነበበች ሴት ውስጡንም ማጠብ እንዳለባት ብትረዳ አይፈረድባትም። ውስጡ ንጹሕ አይደለምና መታጠብ አለበት የሚለው አስተሳሰብ በብዙ ሀገር የተለመደ ሲሆን ፈጽሞ የተሳሳተ ነው። መተላለፊያው ራሱን በራሱ ያጸዳል፤ ወደ ውስጥ የሚገባ ሳሙናና መድኃኒት ጠባቂ የሆኑትን ረቂቅ ሕዋሳት አጥፍቶ ለበሽታ ያጋልጣል። ስለዚህ ተርጓሚው «ውጫዊ ብልት» እና «የብልት ውስጣዊ መተላለፊያ» እያለ መለየት ይኖርበታል። አረፍተ ነገሩ መርዘሙ ከሚያመጣው መሰልቸት ይልቅ ማጠሩ የሚያመጣው ጉዳት ይበልጣል።

አሁን የምናነሣው ቃል ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። «ሁሜን» በግሪክኛ ማንኛውም ስስ ሽፋን ነው፤ አሪስጣጣሊስ የልብንና የአንጐልን ሽፋን ሁሉ በዚህ ስም ጠርቷል። በኋላ ግን ቃሉ ጠብቦ በሴት ብልት መግቢያ ላለው ሥጋ ብቻ ዋለ፤ ከመጥበቡም ጋር መግቢያውን የዘጋ፣ በመጀመሪያ ግንኙነት የሚቀደድና የሚደማ መጋረጃ ነው የሚለው ሐሳብ ጸና። ከላይ የጠቀስነው ሶራኖስ መግቢያውን የሚዘጋ ሽፋን አለ ማለት ስሕተት መሆኑን ያን ጊዜ ጽፎ ነበር። የዛሬው ሕክምናም በዚህ ረገድ ይስማማል፤ ያለው ነገር በመግቢያው ዙሪያ የሚገኝ፣ ቅርጹ ከሴት ሴት የሚለያይ፣ የሚለጠጥ እጥፋት ነው። ብዙዎች በመጀመሪያ ግንኙነት አይደሙም፤ እጥፋቱን በመመልከትም አንዲት ሴት ግንኙነት ማድረግ አለማድረጓን ማወቅ አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት የተባበሩት መንግሥታት አካላት ጋር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ባወጣው መግለጫ የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት የሌለው መሆኑን አስታውቆ እንዲቀር ጠይቋል።

አማርኛ በዚህ ነገር ላይ የቃል ሀብታም ነው፤ ሀብቱ ግን ሁሉ በአንድ ወገን የተከማቸ ነው። «ድንግልና»፣ «ክብረ ንጽሕና»፣ «ብር አምባር» ሁሉም የማኅበራዊ ማዕረግ ስሞች ናቸው። ለሥጋው ራሱ የወጣ የታወቀ ስም የለም። በዚህ ምክንያት ተርጓሚዎች «ሃይመን»ን «ድንግልና» ወይም «የድንግልና ሽፋን» ብለው ይመልሱታል። ይህ በልብ ወለድ ትርጉም ውስጥ ቢሆን ብዙም ባላስጨነቀን ነበር። ነገር ግን በሕክምና ማስረጃ ውስጥ «በሃይመን ላይ ጉዳት አልታየም» የሚለው ግኝት «ድንግልናዋ አልተነካም» ተብሎ ቢተረጐም፣ የአካል ገለጻ የነበረው ነገር በአንድ ቃል ወደ ፍርድ ይለወጣል። ሐኪሙ ያለው ጉዳት አላየሁም ነው፤ ዳኛው የሚያነበው ግን ድርጊቱ አልተፈጸመም የሚል ነው። የተደፈረች ልጅ አቤቱታ በዚህ ልዩነት ሊወድቅ ይችላል።

ስዊድኖች ተመሳሳይ ችግር ነበረባቸው። የቀድሞው ቃላቸው የልጃገረድነት ሽፋን ማለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የሀገሪቱ የሥነ ተዋልዶ ትምህርት ማኅበር «ስሊድክራንስ» የሚል፣ የመተላለፊያው አክሊል ወይም ጉንጉን ማለት የሆነ አዲስ ቃል አቀረበ፤ የቋንቋ ምክር ቤታቸውም በዚያው ዓመት ከአዲስ ቃላት ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ቃል መለወጥ ብቻውን ልማድ ይለውጣል ብለን አናምንም። ነገር ግን ተርጓሚ ትክክለኛውን ነገር መጻፍ ሲፈልግ የሚጽፍበት ቃል ሊኖረው ይገባል። በኛ በኩል «የብልት ደጅ እጥፋት» ወይም በአጭሩ «የደጅ እጥፋት» የሚለውን ለውይይት እናቀርባለን፤ እስኪለመድ ድረስ «ሃይመን» በውሰትነቱ ቢቆይ፣ «ድንግልና» ግን ለአካል ስም ፈጽሞ ባይውል እንመርጣለን።

ስለ ወር አበባ በአጭሩ እንለፍ። «የወር አበባ» እና «ልማደ አንስት» የጨዋ ስሞች ናቸው፤ «አደፍ» ግን እድፍን ከወር አበባ ጋር አንድ አድርጎ ይይዛል። የሮማው ፕሊኒዮስ በዚህ ደም ወይን ይኰመጥጣል፣ ሰብልም ይደርቃል ብሎ እንደ ጻፈ ስናስታውስ አደፍ የኛ ብቻ ፈጠራ አለመሆኑ ይታያል። ደሙ የማሕፀን ውስጥ ሽፋን ከደም ጋር ሲወርድ እንጂ ከሰውነት የሚወገድ ቆሻሻ አይደለም። «መካን» በሰዋስው ለሁለቱም ጾታ ሊሆን ሲችል በአጠቃቀም ግን ወደ ሴቲቱ ያደላል፤ ለመፅነስ ከሚቸገሩ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱ ጤና ድርሻ እንዳለበት የሚያውቅ ተርጓሚ «መፅነስ ያልተቻላቸው ጥንዶች» ቢል ለእውነቱ ይቀርባል።

«ዳሌ» ራሱ ያልተፈታ ችግር ነው። በላቲን «ፔልቪስ» የመታጠቢያ ሳህን ወይም ገበታ ነው፤ ስሙ የተሰጠው አጥንቶቹ ተጋጥመው ለሚሠሩት ጐድጓዳ ስፍራ ነው። አማርኛው ዳሌ ግን በውጭ የሚታየውን፣ ወገብና ጭን የሚገናኙበትን ጎን ነው የሚያሳስበው። ስለዚህ «የዳሌ ሕመም» ተብሎ የተተረጐመውን ያነበበ ሰው ስለ አጥንትና መገጣጠሚያ የሚናገር ይመስለዋል። አንባቢዋ ግን ከእምብርቷ በታች በየወሩ ለሚሰማት ሕመም መልስ የምትፈልግ ልትሆን ትችላለች። ከማሕፀን ሽፋን ጋር የሚመሳሰል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ የሚበቅልበት፣ አሜሪካዊው ጆን ሳምፕሰን በ1920ዎቹ «ኢንዶሜትሪዮሲስ» ብሎ የሰየመው በሽታ በዓለም ላይ ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱት ሴቶች 10 በመቶ ያህሉን እንደሚይዝ ይገመታል። የወር አበባ ሕመም የሴት ዕጣ ነው፣ ይቻላል የሚለው አስተሳሰብ የዚህን በሽታ መታወቅ በዓመታት ያዘገየዋል፤ የተርጓሚው «ዳሌ» በዚህ ላይ ባይጨመር ደግ ነው። «ከእምብርት በታች የሆድ ውስጥ ሕመም» የሚለው ረጅም ቢሆንም ሴቶቹ ራሳቸው ለሐኪም ከሚናገሩት ጋር ይስማማል።

ከዚሁ ጋር «የዳሌ ወለል» የሚባለው አለ። ፊኛን፣ ማሕፀንንና ፊንጢጣን ከታች ደግፈው የሚይዙት ጡንቻዎች ናቸው። ወለል ሲባል የሚታሰበው የተነጠፈ ጣውላ ወይም ሲሚንቶ ነው፤ ሲሰበር ተሰብሮ የሚቀር። ከወሊድ በኋላ ሽንት ማምለጡ የማይድን ነው፣ ማሕፀን ከወረደ በኋላም ምንም አይደረግም የሚለውን አስተሳሰብ ይህ ቃል ሳያግዘው አይቀርም። አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል እነዚህን ጡንቻዎች በእንቅስቃሴ ማጠንከር እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1948 አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ተቃራኒው ስሕተት ተከተለ፤ ማጠንከር ለሁሉም መድኃኒት ተደርጎ ተወሰደ። ነገር ግን ጡንቻዎቹ ከልክ በላይ ተወጥረው ሕመም የሚያመጡባቸው ሴቶች አሉ፤ እነርሱ የሚያስፈልጋቸው ማላላትን መማር ነው። የሀገራችን ሰው ይህን የሚረዳበት ነገር በቤቱ አለ፤ የአልጋ ጠፍር ነው። ጠፍር ከአልጋው ዙሪያ እንጨት ጋር ተያይዞ ክብደት ይሸከማል፣ ይረግባል፣ ይወጠራል፤ ሲላላ መልሰው ይስቡታል፤ ከመጠን በላይ ሲወጠርም ለተኛበት አይመችም። «የዳሌ ወለል» የሚለው እንደ ሙያ ቃል ቢቀጥል እንኳ የመዝገበ ቃላት ፍቺው በጠፍር ምሳሌ ቢጻፍ የተሻለ ይመስለናል።

በመጨረሻ የምናነሣው «ፌስቱላ»ን ነው። በላቲን ሸምበቆ ወይም ቧንቧ ማለት ነው። ምጥ ተጓቶ የሕፃኑ ራስ በእናቲቱ አጥንት ላይ ሲጫን፣ በመካከል ያለው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፤ በፊኛና በብልት መተላለፊያ መካከልም ቀዳዳ ይከፈታል፤ ሽንትም ያለ ማቋረጥ ይወርዳል። ሕመሙ ጥንታዊ ነው፤ ከ4000 ዓመት በፊት በኖረችው ግብጻዊት በሔንሔኒት ሬሳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1935 ታይቷል። በአሜሪካ የቀዶ ሕክምናውን ዘዴ በ1840ዎቹ ያሻሻለው ማሪዮን ሲምስ ስሙን በመሣሪያዎች ላይ ሲያስቀር፣ ያለ ማደንዘዣ በተደጋጋሚ የተቀደዱት አናርካ፣ ቤትሲና ሉሲ የተባሉት በባርነት የነበሩ ሴቶች ግን በየትኛውም ስያሜ ውስጥ አልገቡም።

በሀገራችን ሕመሙ እንደ እርግማንና እንደ ኀጢአት ቅጣት ተቈጥሮ ሴቶች ከባላቸውና ከመንደራቸው ተለይተው ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን እ.ኤ.አ. በ1974 አቋቋሙ፤ ከዚያ በኋላ የላቲኑ ቃል ከሆስፒታሉ ስም ጋር እስከ ገጠር ድረስ ተሰማ። ባዕድ ቃል ሁሉ ሊተረጐም ይገባል የሚሉ ወገኖች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። በእጃችን የነበሩት አነጋገሮች ሴቲቱን የሚጠሩት በሽታዋ በሚያሳፍራት ገጽ ነበር፤ «ፌስቱላ» ግን ምንም ያለፈ ታሪክ ስለሌለው ጉዳቱን ያለ ነቀፌታ ሰየመ። ተርጓሚ ሊጠነቀቅበት የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቃሉ በአማርኛ ሲኖር ትርጉሙ ጠብቦ የወሊድ ጉዳት ብቻ ሆኗል፤ በሕክምና ቋንቋ ግን ማናቸውም ሁለት ባዶ አካላትን ወይም አንዱን ከቆዳ ጋር የሚያገናኝ ያልተፈጥሮ መተላለፊያ ነው። በፊንጢጣ አጠገብ በመግል የሚጀምር ፌስቱላ ወንድንም ሴትንም ይይዛል። እንግዲህ «የወሊድ ፌስቱላ»፣ «የፊንጢጣ ፌስቱላ» እያሉ ሁልጊዜ ባለቤቱን መጥቀስ ያስፈልጋል፤ በመዝገበ ቃላትም ሁለቱ በየራሳቸው ቍጥር ሊገቡ ይገባል።